ሾፌር ያገባች ሴት አገር ስታይ

ባለቤቴ የጣርማበርን ዳገት ስንቴ እንደወጣና እንደወረደ እሱም አያውቀው። በወጣትነቱ ኤንትሬ የጭነት መኪና ከነተሳቢው ይዞ አሰብ ሲመላለስ ኖረ፤ በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ተነሥቶ ያ መንገድ ሲቋረጥ ጅቡቲ ተተካ፤ በኋላም ወገቡ አልታዘዝ ሲለው እኔና ልጆቹ ተባብረን ከመሪ አስወረድነው። እንዲህ ያለ ሰው ጣርማበር ላይ ቆሞ ቁልቁል አይቶ አያውቅም ነበር ብል ማን ያምነኛል? እውነቱ ግን ይኸው ነው። ለምን ብዬ ስጠይቀው፣ «ቁልቁለት ላይ አገር የሚያይ ሾፌር ደብረ ሲና አይደርስም» አለኝ።

እኔ ደግሞ ደብረ ብርሃን ተወልጄ፣ እዚያው ያደግሁ፣ ስምጥ ሸለቆን በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ስስል የኖርኩ የኅብረተሰብ ትምህርት አስተማሪ ነኝ። የሸለቆው ጠርዝ ከቤቴ አንድ ሰዓት ቢያስኬድ ነው። ይሁንና በአውቶቡስ መስኮት፣ ያውም ጉም ሲገለጥ ብቅ እያለ ካየሁት በቀር ወርጄ ቆሜ አይቼው አላውቅም ነበር። እሱ መንገዱን ያውቃል፣ እኔ ካርታውን አውቃለሁ። አገሩን ግን ሁለታችንም አላየነውም። ልጆቹ ከቤት ሲወጡና ቅዳሜው ባዶ ሲሆንብን ነው መዞር የጀመርነው።

አሮጌ ዲኤክስ አለችን። ዋዜማውን ማታ ዘይቷን፣ ውኃዋን፣ ጎማዋን ያያል። ከኋላ ኮፈን ውስጥ የእንጨት ታኮ ይዞ ይሄዳል፤ ለዲኤክስ! ደልዳላ ሜዳ ላይ ቢያቆምም ወርዶ ታኮውን ከጎማው ሥር ሳይሸጉጥ ዓይኑ ሌላ ነገር አያይም። የእኔ ድርሻ ሻይ በፔርሙዝ፣ ድፎ ዳቦ፣ ቆሎና ሁለት ጋቢ ነው። ጋቢው ቀልድ አይደለም፤ ጣርማበር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ነፋሱ አጥንት ይገባል። ወደ ሸዋ ሮቢት ከወረዱ ደግሞ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ይወርድና ጋቢው፣ ሹራቡ፣ ኮቱ በየተራ ይወልቃል። ከገብስ አገር ተነሥቶ ምሳ ሳይደርስ ሙዝና ፓፓያ አገር መግባት ለእኔ እስካሁን አልተለመደኝም።

ጣርማበር የሚታየው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ በጧት ነው። በክረምት ጉሙ ዋሻው አፍ ላይ ይተኛል፤ ከፊት ያለውን መኪና መብራት እንኳ ማየት ጭንቅ ነው። ዋሻውን ጣልያኖች በወረራው ዘመን እንደፈለፈሉት ለተማሪዎቼ በየዓመቱ እነግራቸዋለሁ። እሱ የሚነግረኝ ሌላ ነው። ተሳቢ ይዘህ ስትገባ ጡሩምባ ትነፋለህ፣ መብራት ታበራለህ፣ ከወዲያ የገባ ካለ አንዱ ይታገሣል፤ ከጨለማው ስትወጣ ደግሞ ወዲያው ቁልቁለቱ ይቀበልሃልና እግርህን ፍሬን ላይ ሳይሆን ልብህን ማርሽ ላይ ታደርጋለህ። «ዳገቱን በወጣህበት ማርሽ ውረደው» ይላል፤ ረዳት ሆኖ ሲጀምር የተማረው ነው።

እና ዳር ላይ ቆመናል። ከታች የደብረ ሲና ቆርቆሮ ጣሪያዎች ያበራሉ፣ እርከኖቹ እስከ ገደሉ ወገብ ድረስ ተደርድረዋል፣ ከዚያ ወዲያ ምድሩ እየሰጠመ እየሰጠመ ሄዶ ወደ አፋር አቅጣጫ ጭጋግ ይሆናል። እኔ «ስምጥ ሸለቆ ማለት ይኸውልህ» እያልኩ በእጄ እስላለሁ። እሱ ጠመዝማዛውን መንገድ በዓይኑ ይዞ ይወርዳል። «እዚያች ኩርባ ላይ ፍሬን ይሞቃል። እዚያ ማዶ አንድ ሌሊት ጎማ ስንቀይር አደርን፤ ጅቡ ክብ ሠርቶብን።» ስለ ውበት የሚጻፉ መግለጫዎች አንጀቴን አርሰውት አያውቁም፤ ሁሉም «ዓይን የሚማርክ መልክዓ ምድር» ብለው ያልፋሉ። ፍሬን የት እንደሚሞቅ የሚያውቅ ሰው ግን ገደሉ ምን ያህል እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነግራችኋል።

ዋሻውን ሳይገቡ ወደ መዘዞ በሚወስደው መንገድ ላይ የምኒልክ መስኮት የሚባለው ቦታ አለ፤ ዓለቱ ተሰንጥቆ ያንኑ ሸለቆ በሌላ ፊት ያሳያል። ጭላዳዎቹ እዚያ ናቸው፤ ቀን ሜዳው ላይ ቁጭ ብለው ሳር ሲነጩ ይውላሉ፣ ሲመሽ ገደሉን ወርደው እዚያው ያድራሉ። ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት ያለው ጎፈሬው ወንድ ባለቤቴን ትኩር ብሎ ሲያየው፣ «ይኼ የኬላ ተቆጣጣሪ ነው» አለኝ።

አንኮበር ሌላ ነገር ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ 40 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ መንገዱ በድንጋይ ካብ በታጠሩ የገብስ ማሳዎች፣ ኩበት በተከመረባቸው ደጃፎች መካከል አልፎ ጎረቤላ ያደርሳል። ቤተ መንግሥቱ የነበረበትን ኮረብታ በእግር ነው የሚወጡት። ከላይ ሲደርሱ ከድሮው የተረፈው የግንብ ቁራጭ ነው፤ በቦታው ሎጅ ተሠርቷል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ቅር ይለዋል፣ «ይኼው ነው?» ይላል። እኔ ግን ግንብ ፍለጋ አልወጣሁም። የሸዋ ነገሥታት ለምን እዚህ እንደተቀመጡ ለማወቅ ዞር ብሎ ቁልቁል ማየት ይበቃል፤ ከቆላው የሚመጣው ሁሉ ገና ከሩቅ ይታያል።

ለባለቤቴ የሣህለ ሥላሴንና የእንግሊዞቹን ታሪክ የነገርኩት እዚያው ተቀምጠን ነው። ካፒቴን ሃሪስ የሚባል መልእክተኛ ከታጁራ ባሕር ዳርቻ ተነሥቶ፣ በበረሃው አቋርጦ፣ በዚህ ገደል ወጥቶ፣ በ1834 ዓ.ም. አንጎለላ ላይ ከንጉሡ ጋር ውል ተዋዋለ። አንጎለላ ከሦስት ዓመት ገደማ በኋላ ምኒልክ የተወለዱባት፣ ዛሬ እኛ ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ በአጠገቧ ሽው ብለን የምናልፋት ናት። ባለቤቴን ውሉ አላስደነቀውም። ያፈጠጠው ሌላ ነገር ላይ ነው፦

«ከታጁራ? በምን ጭነው?»

«በግመል።»

«ግመል ይኼን አይወጣም።»

«አይወጣም። ከሥር ይራገፍና በበቅሎና በሰው ትከሻ ይወጣል።»

ዝም ብሎ ወደ አልዩ አምባ አቅጣጫ ተመለከተ። «እንግዲያ ማራገፊያቸው እዚያ ነዋ! ቦታ ያውቁ ነበር» አለ። አልዩ አምባ አርጎባው፣ አማራውና አፋሩ የሚገናኙበት የቆየ ገበያ መሆኑን እኔ ከመጽሐፍ ነው ያወቅሁት፤ እሱ ከላይ አይቶ ብቻ ጭነት የት ላይ መውረድ እንዳለበት ገመተ። ከዚያ በኋላ ስለ ሲራራ ነጋዴዎች ሳስተምር ክፍል ውስጥ የምናገረው ተለውጧል። ተማሪዎቼን «ግመሉ የት ይቆማል?» ብዬ እጠይቃቸዋለሁ።

የአንኮበር ወፍ ነገርስ? በገደሉ አፋፍ ላይ የምትኖር፣ ሳይንስ በእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ ብቻ ያወቃት፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የሌለች ትንሽ ወፍ አለች። ሰው እሷን ለማየት ባሕር ተሻግሮ ይመጣል። አስጎብኚው ልጅ በጣቱ ሲያሳየን እኔ ትንፋሼን ይዤ ነበር፤ ባለቤቴ «ድንቢጥ አይደለችም እንዴ?» አለ ጮክ ብሎ። በረረች። እውነት ለመናገር መልኳ ቡናማ ነው፣ ምኗም አይማርክም፤ ልጁን ግን አሳዝነነዋል።

ከሁሉ ያስበለጥኩት ጓሳን ነው። መንዝ ድረስ በዲኤክስ አልሞከርነውም፤ ከጎረቤት ባልና ሚስቶች ጋር ተዋጥተን አባዱላ ተከራየን። ባለቤቴ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ መንገዱን ሙሉ ምክር ሲለግስ ሄደ፤ ልጁም «እሺ ጋሼ፣ እሺ ጋሼ» እያለ በራሱ መንገድ ነዳ።

ጓሳ ደረስን ስንል ዛፍ የለም፣ ሰው የለም፤ እስከ ዓይን ማድረሻ ሳር፣ በመካከሉ ጅብራ ቆሞ። ስሙ የመጣው ከዚያው ከሳሩ ነው፤ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል። የመንዝ አቅኚ አባቶች የሚባሉት የአስቦና የጌራ ልጆች ይኼን ሜዳ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በደንብ ሲጠብቁት ኖረዋል፦ ሳሩ ለዓመታት ይከለከላል፣ ሲደርስ በስምምነት ይከፈታል፣ ታጭዶ ሲያልቅ እንደገና ይዘጋል። ሰርቆ ያጨደ ቅጣቱ ቀላል አልነበረም። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲታወጅ ያ ሥርዓት መሠረቱ ተናጋ፤ ኋላ ገበሬዎቹ ራሳቸው በኮሚቴ መልሰው አቆሙት። በመንግሥት ዘበኛ ብቻ ከሚጠበቁ ቦታዎች ይኼኛው የሚሻለኝ ለዚህ ነው፤ ሳሩ ባለቤት አለው።

ቀይ ቀበሮ አየን። በጭላዳዎቹ መንጋ መካከል ቀስ እያለ ይሄዳል፤ አይሸሹትም፣ እሱም ግልገሎቻቸውን ዞር ብሎ አያይም፣ አይጥ ነው የሚፈልገው። እዚያው ጓሳ ላይ ያጠኑ ሰዎች እንደጻፉት፣ ብቻውን ከሚያድንበት ጊዜ ይልቅ በመንጋው መካከል ሲሆን አደኑ በብዛት ይሳካለታል። አብራን የነበረች ጎረቤታችን «የእኔ ባል እንዲህ ዝም ብሎ ቢሄድ» ብላ ሁላችንን አሳቀችን።

ታዲያ ካፊያ ጀመረና መኪናው ውስጥ ተሸሸግን። እኔ አላስችል ብሎኝ ማስተማር ያዝኩ፦ ይኼ ጠርዝ ውኃ መለያ ነው፤ ወደ ምሥራቅ የወረደው አዋሽ ይገባል፣ ወደ ምዕራብ የወረደው በጀማ አድርጎ አባይ ይገባል፣ ከዚያ ሱዳን፣ ከዚያ ግብጽ። ባለቤቴ ድንገት ተቀበለኝ። «የአዋሹስ የት ይደርሳል?» «አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል፤ ባሕር አይደርስም።» «እሱስ እውነትሽን ነው። ያን አገር አውቀዋለሁ፤ ውኃ ሲገባ እንጂ ሲወጣ አላየሁም» አለ። ከዚያ ካፊያው ውስጥ ወርዶ መንገዱ ግራና ቀኝ ቦዩን እያየ ቆመ። ጋቢውን ይዤ ተከተልኩት። «ይኼኛው ወደ እኔ ነው፣ ያኛው ወደ ግብጽ» እያለ በጫማው ጫፍ ያሳየኛል። የአሰብ በረሃን ያለ ውኃ ሲያቋርጥ የኖረ ሰው ስለሆነ ነው መሰል፣ ከዚያ ቀን ወዲህ የትም ብንሄድ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የዚህ ውኃ የት ይገባል?» ነው።

ወደ ጅሁር በኩል የጀማን ሸለቆ ለማየት የሄድንበት ጊዜ አጭር ነበር። ሜዳው መረሬ፣ ጥቁር አፈር ነው፣ ስንዴና ጤፍ፤ እነዋሪ አካባቢ ገበሬው ከነልጆቹ አፈሩን በእጁ እየዛቀ ከፍ ያለ መደብና ቦይ ይሠራል፣ የክረምቱ ውኃ እንዳይተኛበት። ከዚያ ሜዳው በቢላዋ እንደተቆረጠ ያልቅና ገደል ይሆናል። ነፋሱ ስለበረታብን ሻያችንን መኪና ውስጥ ጠጥተን ተመለስን።

ሩቅ የሄድነው ጢስ አባይ ነው። የትምህርት ዕረፍቴ ጥር ላይ ስለሆነ ጥር ላይ ሄድን። ባለቤቴ የድሮው አንድ ብር ጀርባ ላይ ያለውን ፏፏቴ ጠብቆ ነው የወጣው። ውኃው በክረምት መጨረሻ ነው እንደዚያ የሚሆነው፤ በበጋ ደግሞ አብዛኛው ለኃይል ማመንጫው ይጠለፋልና በገደሉ ላይ የወረደው ጥቂት ነበር። «ብሩም ረከሰ፣ ውኃውም አነሰ» አለ። ይልቅ የወደደው ወደ ፏፏቴው ሲሄዱ የሚያልፉበትን የ17ኛው ክፍለ ዘመን የድንጋይ ድልድይ ነው፤ ቅስቱን ከሥር ጎንበስ ብሎ አይቶ «ይኼ ተሳቢም ይችላል» ሲል አስጎብኚው ደነገጠ። ከዚያ የተለመደውን ጥያቄ ጠየቀኝ፦ የጓሳው ውኃ በዚህ ያልፋል? አያልፍም፤ ጀማ አባይን የሚያገኘው ከዚህ በጣም ወርዶ ነው። «እንግዲያ የእኛ ውኃ አይደለማ» ብሎ ፎቶ ለመነሣት እንኳ እምቢ አለኝ።

አሁን አሁን እንደ ልብ አንወጣም። ጉዞ ሲታሰብ መጀመሪያ የሚደወለው መንገዱ ሰላም መሆኑን ለመጠየቅ ነው፤ ከዚያ በኋላ ነው ዳቦው የሚደፋው። ቢሆንም ባለቤቴ ባቲን ካላሳየሁሽ ብሏል። አሰብ ሲመላለስ ገበያዋን በመስኮት እያየ ያለፈ፣ አንድም ቀን ያልወረደ፣ አሁን ታኮውን አስቀምጦ ሊዞርባት የሚፈልግ እሱ ነው። ችግሩ የባቲ ገበያ ሰኞ ነው፣ እኔ ደግሞ ሰኞ አምስት ክፍለ ጊዜ አለኝ። የሚቀይረኝ አስተማሪ እየፈለግሁ ነው።