የእጅ ዋጋ

እማዬ ፒያሳ ሄዳ አምባሯን የሸጠች ቀን አብሬያት ነበርኩ። ልጅ ነኝ። ወርቅ ሠሪው ሚዛን ላይ አስቀመጠውና ግራሙን ነገራት። «የገዛሁበት'ኮ ከዚህ በላይ ነው» አለችው። «እትዬ፣ ያ የእጅ ዋጋ ነው። የእጅ ዋጋ አይመለስም።»

ዛሬ እዚህ አሜሪካ፣ ከሥራ ወጥቼ ሲልቨር ስፕሪንግ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ስልክ ይዤ ተቀምጬ ትዝ ያለኝ ይሄ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከድሮ መሥሪያ ቤቴ የቀረኝ፣ ፎር-ኦ-ዋን-ኬ የሚሉት የጡረታ ቁጠባ አለ። ጡረታ እየቀረበ ነው፤ 57 ሞላኝ። ከእሱ ትንሽ ቆንጥሬ፣ ከጡረታ ሒሳብ ሳላወጣ፣ በወርቅ ላስቀምጥ ብዬ ሁለት ወር ስጠይቅ ከረምኩ። እኔ አንድ ድርጅት የምመርጥ መስሎኝ ነበር። ለካ ሦስት ናቸው። ወርቁን የሚሸጠው ነጋዴ፣ ሒሳቡን በስሜ የሚይዘው ካስቶዲያን፣ ወርቁ የሚቀመጥበት ካዝና። ካስቶዲያኑ ባንክ ወይም የአሜሪካ ግብር መሥሪያ ቤት፣ አይ.አር.ኤስ.፣ የፈቀደለት ድርጅት መሆን አለበት። ግን በውድ ብገዛ «ተታለልሽ» አይለኝም። ሥራው አይደለም።

የዛሬው ነጋዴ አፉ ማር ነው። ወርቅ ወርዶ አያውቅም አለኝ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1980 አንድ አውንስ 850 ዶላር ደርሶ፣ በ1999 ወደ 250 ግድም እንደወረደ አንብቤያለሁ። ዝም አልኩ። ቀጠለና፣ ከፈለግሽ በስምሽ ኩባንያ ከፍተን ወርቁን ቤትሽ ታስቀምጪዋለሽ አለኝ። እዚህ ላይ ደነገጥኩ። በ2021 የታክስ ፍርድ ቤት ልክ እንዲህ ያደረገች ሴት ገንዘቡን ከጡረታ ሒሳቧ እንዳወጣችው ቆጥሮ ግብር ጭኖባታል። እኔ ብሆን ደግሞ ገና 59 ተኩል ስላልሞላኝ የ10 በመቶ ቅጣትም ይጨመርብኛል።

ከዚያ ስለ ሳንቲም አወራ። ተራውን ሳይሆን የተወለወለውን፣ በሳጥን የሚመጣውን፣ «ፕሩፍ» የሚሉትን ውሰጂ አለ። እኔም ጠየቅኩት፦ «ዛሬ ገዝቼ ነገ ብመልስልህ ስንት ትሰጠኛለህ?»

ፀጥ። ቆየና «ይሄ የረጅም ጊዜ ነገር ነው» አለ።

የእጅ ዋጋ! ያው የፒያሳው። ልዩነቱ ያኛው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነገረን፤ ይሄኛው ግማሽ ሰዓት ሸሸገኝ።

ባለፈው ሳምንት ያነጋገርኳት ሴትዮ ይህንኑ ጥያቄ ስጠይቃት የመሸጫዋንም የመግዣዋንም ዋጋ ወዲያው ነገረችኝ፣ በኢሜይልም ላከችው። ከእሷ ልገዛ ነው። አሜሪካን ኢግል የሚባለውን ሳንቲም፣ ተራውን። ሕጉ ወርቁ 99.5 በመቶ ንጹሕ ይሁን ይላል፤ ኢግል ግን 22 ካራት ሆኖ ሳለ ለብቻው ተለይቶ ተፈቅዶለታል።

ካስቶዲያኑን ራሴ መረጥኩ። በዓመት ቁርጥ ያለ ክፍያ ነው የሚጠይቀው። በመቶኛ የሚያስከፍሉም አሉ፤ ወርቁ ሲወደድ ክፍያቸውም አብሮ ይወደዳል። ገንዘቡ በቀጥታ ከሒሳብ ወደ ሒሳብ ይተላለፍ ብያለሁ። ቼኩ በእኔ ስም ከወጣ 20 በመቶው ለግብር ተይዞ ይቀራል፣ በ60 ቀን ውስጥ አዲሱ ሒሳብ ለማስገባት መሯሯጥም አለ። ካዝናው ውስጥ ደግሞ የእኔ ከሰው ወርቅ ጋር እንዳይቀላቀል፣ ለብቻው ይቀመጥ አልኩ። ትንሽ ይወደዳል። ይሁን፤ የእማዬ ልጅ ነኝ።

ማታ ደወልኩላት።

«ወርቅ ልገዛ ነው እማዬ።»

«እሰይ! የአንገት ነው የእጅ?»

«የሚደረግ አይደለም። ለጡረታዬ ነው። ካዝና ውስጥ ይቀመጣል።»

«ካዝናው ቤትሽ ነው?»

«አይ፣ ደላዌር የሚባል አገር።»

ትንሽ ዝም አለች።

«ዘመድ አለሽ እዚያ?»