ኪሴ ውስጥ ትሪሎባይት ይዤ ወሎ

ስለ ደሴ የምለው የለኝም፤ ያየሁት መናኸሪያውን ብቻ ነው። የማልረሳው ወደ ዓባይ ሸለቆ ስሄድ መካነ ሰላም ከተማ ያደርኩበትን አልጋ ነው። ማታ 400 ብር አሉኝ። ጠዋት ሒሳቡ 600 ሆነ። «400ው ሻወር የሌለው ነው» ተባልኩ። የኔ ሻወር ደግሞ ውሃ አልነበረውም! በዚያ ላይ ትኋን። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ጀምሮ በስልኬ መብራት የፍራሹን ስፌት ስበረብር ነጋ። አዲስ አበባ ጎረቤቴ ሬዲዮ ከፈተ ብዬ የምነጫነጭ ሰው ነኝ፤ አስቡት።

ምን ልሠራ ሄድኩ? ወንድሜ ከሞሮኮ ያመጣልኝ ትሪሎባይት አለኝ። ድንጋይ ሆኖ የቀረ የባህር እንስሳ ነው፤ አውራ ጣቴን ያክላል። ጀርባው ቁመቱን ይዞ ለሦስት ተከፍሏል፤ ስሙም የመጣው ከዚያ ነው። የሚገርመው ዓይኑ ነው። ሌንሱ ካልሳይት ነው፣ ያው የኖራ ድንጋይ የተሠራበት ማዕድን። ዓባይ ሸለቆ የኖራ ድንጋይ ሞልቷል ሲሉ ሰማሁና፣ ወንድሞቹን ላገኝ ተነሳሁ።

ከአንድ የሰፈሩ ልጅ ጋር የሸለቆውን ቁልቁለት ወረድን። መጀመሪያ ጥቁር ድንጋይ ብቻ ነው፤ የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ። ጉልበቴ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ድንጋዩም ነጣ። ልጁ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር አነሳ። «ይሄን ነው?»

ዛጎል። ሁለቱ ክዳኖቹ እንደተገጠሙ ናቸው። በምራቄ አርጥቤ በአውራ ጣቴ ሳሸው መስመሮቹ አንድ በአንድ ብቅ አሉ። እዚህ ጭው ያለ ገደል ውስጥ፣ በጁራሲክ፣ ማለትም በዳይኖሰሮች ዘመን፣ ሞቃት፣ ጥልቀት የሌለው ባህር ነበር። ሁለት ሰዓት ሙሉ ለቃቀምን። ዛጎል፣ ቀንድ አውጣ፣ ደግሞ ዛጎል። ትሪሎባይት የለም።

ሊኖርም አይችልም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ዘመን ሳልቆጥር ነው የወጣሁት። ትሪሎባይት ከምድር የጠፋው ከ252 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። የዓባይ ባህር የደረሰው ከ70 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዘግይቶ ነው። የሐበሻ ቀጠሮ ነው ብንል እንኳ በዛ።

ዳገቱን ስንጨርስ አንድ ሽማግሌ ከደጃቸው ጠሩን። «ቡና ሳትጠጡማ አታልፉም!» እስከ በረካው ተቀመጥን። ብር ላወጣ ስል ተቆጡኝ። ዛጎሉ አላስደነቃቸውም። «የኑሕ ጊዜ ውሃ ያመጣው ነው፤ ካቡን እየው» አሉኝ። እውነትም የግቢያቸው ካብ መሃል ሦስት ዛጎል ተሰክቷል።

ትሪሎባይቱን ሳቀብላቸው ግን እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ትኋን!»

«የሩቅ ዘመዷ ነው አባባ።»

ተቀብለው አገላበጡት። «ዛሬም አለ?»

«የለም፤ ዘሩ አልቋል።»

ድንጋዩን መለሱልኝና ስኒያቸውን አነሱ። «ምነው የኛዎቹንም በፈጀልን።»