ደሴ፣ ጓደኛዬ ቤት

ብቻዬን ስጓዝ ሰው ቤት አላርፍም። ሲደክመኝ እተኛለሁ፣ ሲያሰኘኝ እነሳለሁ፣ ማንንም አላስጠብቅም። ወደ ላሊበላ ስነሳ ግን ይህን ልማዴን ደሴ ላይ ላፈርሰው ቆርጬ ነበር። ደሴ የዶርም ጓደኛዬ አለች። ከተመረቅን ወዲህ የምንገናኘው በስልክ ብቻ ነው።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ሲያልቅ ጦርነቱ ደሴ ገባ፤ የእሷም ስልክ ጠፋ። ጠዋት እደውላለሁ፣ ማታ እደውላለሁ፣ «ማግኘት አይቻልም» የምትለው ሴትዮ ብቻ ናት የምትመልሰው። ታኅሣሥ ገብቶ የራሷን ድምፅ ስሰማ ለቅሶው አላናግር አለኝ። ያኔ ነው «በዓይኔ ካላየሁሽ አላምንም» ያልኳት። ከዚያ በኋላ ግን የሥራው ነገር፣ የመንገዱ ነገር እየተባለ ጊዜው ሄደ።

አውሮፕላን የሚያርፈው ኮምቦልቻ ነው፤ ደሴ የራሷ አየር ማረፊያ የላትም። ኮምቦልቻ ሞቃት ናት፤ ጃኬቴን አውልቄ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። እስከ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ግን መሃል ላይ ሐረጎ አለ። መንገዱ ተራራውን እየተጠማዘዘ ይወጣል። ከፊታችን አንድ ተሳቢ እያቃሰተ ይሄዳል። ሾፌራችን ሊቀድመው ወጣ ይልና ኩርባው ሲመጣ ተመልሶ ከኋላው ይሰለፋል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፤ ደሴ ደግሞ ወደ 2,500። ልዩነቱን ቆዳ ይነግርሃል። ግማሽ መንገድ ላይ ከኋላዬ ያሉ እናት «መስኮቱን ዝጊው የኔ ልጅ፣ ብርዱ ገባ» አሉኝ። ጃኬቴን መልሼ ለበስኩ።

ፒያሳ ጃንጥላ ይዛ ጠበቀችኝ። እግረኛው በግራ በቀኝ እያለፈን ተቃቅፈን ቆምን። መጀመሪያ ያለችኝ «ከስተሻል እኮ!» ነው። ቀጥላ «ወላሂ ሆቴል ብትዪ ኖሮ እጣላሽ ነበር» አለች።

ቤት ስንገባ ምሳ ቀርቧል። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን። ቀና ብዬ ሳያት «ዕሮብ አይደል ዛሬ?» አለችኝ። እሷ ሙስሊም ናት፣ እኔ ክርስቲያን። ዶርም እያለን ዕሮብና ዓርብ ከካፌ ምን ይዤ እንደምመለስ ታያለች። ይህን ሁሉ ዓመት አልረሳችውም። ሥጋ የሚባል ነገር በቤቱ አልተሠራም። «እናንተማ ትበላላችሁ» ብል እናቷ ተቆጡ። «እንግዳ እየጾመ እኛ ሥጋ እንቆርጣለን እንዴ?» አሉ።

ጓደኛዬ አስተማሪ ናት፤ የከሰዓት ፈረቃ አላት። ፈቃድ ልጠይቅ ስትል እንቢ አልኩ። ሰው ቤት ሄዶ የቤቱን ሰው አስጎብኚ ማድረግ ደስ አይለኝም። ክፍል ውስጥ የሚጠብቋት ተማሪዎች አሉ። እኔ ደግሞ ብቻዬን መዞር እወዳለሁ። እሷ ትምህርት ቤት ስትሄድ እኔ ወደ አይጠየፍ አዳራሽ ወጣሁ።

አይጠየፍ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ ነው። የልጅ ኢያሱ አባት ናቸው። መሐመድ ዓሊ ተብለው ተወልደው፣ ከ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ በኋላ ክርስትና ተነሥተው ሚካኤል ተባሉ። የወሎ ታሪክ በአንድ ሰው ስም ላይ እንዲህ ተደርቦ ይገኛል። እዚያ ቆሜ የቀኑ ምሳ ትዝ አለኝ። ጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ነበር። ካፊያው ሲጀምር በባጃጅ ተመለስኩ።

ማታ ቡና ተፈላ። ልጇ ቄጠማውን ጎዘጎዘች። ጓደኛዬ ብረት ምጣዱን እያወዛወዘች፣ ዓይኗን ከቡናው ሳትነቅል፣ ያንን ጊዜ አወራችኝ። ይህችን ልጅ አዝላ፣ እናቷን በክንድ ደግፋ ሐረጎን በእግር ወርዳለች። እኔ በሚኒባስ መስኮት ዝጊ እየተባልኩ የወጣሁትን መንገድ። ኮምቦልቻ ሲደርሱ እዚያም ተኩሱ ደረሰ። ከዚያ ገጠር፣ ዘመድ ቤት። ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ኪሷ ውስጥ ነበር። «የአንቺን ቁጥር በቃሌ አውቀው ነበር፤ ግን በምን ልደውል?» አለችኝ። እጇን ያዝኩ፤ ሌላ የምለው አላገኘሁም። ጀበናው ገነፈለ። «አልሐምዱሊላህ፣ ቤታችን ገብተናል» አለችና አቦሉን ቀዳች። ከዚያ ወሬው ወደ ዶርም ዞረ። እናቷ ተኝተው እኛ እስከ ሌሊት ስንስቅ አመሸን።

ቀሪዎቹ ቀናት እንዲሁ አለፉ። ከሰዓት እኔ ለብቻዬ፣ ማታ አብረን። ብቻ መጓዝ እንዲህ ሲሆን የበለጠ ይጥማል ባይ ነኝ፤ ቀን ያየሁትን ማታ የምነግራት ሰው አለችኝ።

ቅዳሜ ልሸኝሽ ብላ እስከ ሐይቅ ከተማ መጣች። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስ፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት ገዳም፣ ሴት ስለማይገባበት ከሩቅ ተሳለምኩ። እሷ ዝም ብላ አጠገቤ ጠበቀችኝ። ከዚያ ውሃው ዳር የተጠበሰ ዓሣ በላን። ሂሳቡን ለመክፈል ተጋፋን፤ እሷ አሸነፈች። እናቷ ጠዋት «አላህ በሰላም ያግባሽ» ብለው ዳቦ ቋጥረውልኛል። እሷ ወደ ደሴ፣ እኔ ወደ ወልዲያ ተሳፈርን።

ውጫሌ ሳልደርስ ስልኬ ጮኸ። «ደረስሽ?» አለችኝ። «ኧረ ገና ነኝ!» «እሺ፣ መርሳ ስትደርሺ ደውይልኝ። ወልዲያም ስትገቢ። ላሊበላም።»