ከወንፊቱ ሊደፋ የነበረው ዶቃ

ሐርላ ለድሬዳዋ ቅርብ ናት። አሁን ገበሬዎች የሚኖሩባት መንደር ናት እንጂ ከሥሯ ከስንት መቶ ዓመት በፊት ሰው ጥሎት የሄደ የንግድ ከተማ አለ። ያገሬው ሰው የግንቡን ድንጋዮች ትልቅነት እያየ የጥንት ግዙፍ ሰዎች ናቸው የሠሩት ይል ነበር፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ግን በአርኪዮሎጂስቱ በፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል የሚመራው ቡድን የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ ማግኘቱን ሲናገር ነገሩን ዓለም አወቀው፣ ከግብፅ የመጣ ሳንቲም ሳይቀር ወጥቷል።

እኔ እዛው ቁፋሮ ላይ ረዳት ሆኜ ስሠራ አንድ ቀን ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ የተገኘውን የምንከትበት ላስቲክም ሊያልቅ ነው፣ ሱፐርቫይዘራችን "አቦ ጥቃቅኑን ድፉት፣ ሙሉ የሆነውን ብቻ ያዙ" አለ። ወንፊት የሚነፉት እናት ግን እጃቸውን ከወንፊቱ ላይ አላነሱም። አንዲት ቀይ የዶቃ ስባሪ አወጡ፣ ምስር ብታክል ነው፣ ባንድ በኩል መበሳት ጀምሮ መሃል ላይ የቆመ ቀዳዳ አላት፣ ከዛው ላይ ተሰንጥቃለች። ሱፐርቫይዘሩ "ተሰብሯል እኮ እማማ" ሲላቸው በኦሮምኛ "አልተበሳም፣ እኔ ከማሳዬ ስለቅም የኖርኩት ሁሉ የተበሳ ነው" አሉት። እሱም ዝም ብሎ ተቀብሎ ወደ ብርሃን አዞራት።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ያለቀለት ዶቃ በነጋዴ ከረጢት ከየትም ሊመጣ ይችላል፣ ከህንድም ከየመንም፣ ግማሹ ተበስቶ የተሰበረን ግን ማን ባሕር አሻግሮ ለገበያ ያመጣዋል? የሚበሳው ሰው እዚሁ ቁጭ ብሎ ነበር፣ እጁ ላይ ሲሰነጠቅበት ወረወረው ማለት ነው። በሐርላ ጌጣጌጥ ይሠራ እንደነበር የሚያሳየው አንዱ ነገር እንዲህ ያለው ውዳቂ ነው፣ እና እኛ ልንደፋው ነበር!

ደግነቱ የዛን ቀን የተደፋው አፈር ከሌላው ጋር አልተቀላቀለም ነበር፣ ሱፐርቫይዘሩ ራሱ እጅጌውን ሰብስቦ ቀዳዳው ጠበብ ባለ ወንፊት ሁሉንም እንደገና አስነፋው፣ ቀይ ፍንካች በፍንካች ሆነ። ከዛ ወዲህ ስብርባሪ ለብቻው ላስቲክ ይገባል፣ ከየትኛው ጉድጓድ ከምን ያህል ጥልቀት እንደወጣ እዛው ይጻፍበታል፣ ምክንያቱም ቦታው ያልታወቀ ፍንካች ቢቀመጥም የሚነግርህ ነገር የለም።

እማማም በማግስቱ ከወንፊት ወደ መለያው ጠረጴዛ ተዛወሩ፣ እሳቸው ሳያዩት የሚደፋ ነገር የለም።