የፊልሙን መጨረሻ ቀድሞ ያወራው ሰብታይትል

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ ኮሚናል (የጋራ አዳራሹ) ውስጥ ቅዳሜ ማታ ለጎረቤት ፊልም ማሳየት ስንጀምር የፈራሁት ፕሮጀክተሩን ነበር። እሱ ምንም አላስቸገረም። ጉድ የሠራኝ የአማርኛ ሰብታይትል፣ ማለትም ከምስሉ ሥር የሚነበበው ትርጉም ነው። ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ የቻርሊ ቻፕሊንን ፊልም በጎረቤት ሁሉ ፊት አላበላሽም ነበር።

ቀላሉን ቶሎ ልጨርስ። ነጭ አንሶላ ከላይ ብቻ ከተሰቀለ ነፋስ በነካው ቁጥር የተዋናዩ ፊት ይጣመማል፤ አራቱንም ጫፍ ወጥሩት። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፣ ፕሮጀክተሩ ግን ቀጥ ይላል፤ አምፖል ያለው ከሆነ መብራት እንደመጣ አትክፈቱት፣ መጀመሪያ ይብረድ። የአዳራሹን ቁልፍ ለማግኘት ኮሚቴው ማመልከቻ አለን፣ ቀጥሎ ማኅተም ያለው ማመልከቻ አለን፣ ቀጥሎ ሰብሳቢው ከመስክ እስኪመለሱ ጠብቁ አለን። የወንበር ማስቀመጫ ቤት ነው እኮ፣ የባንክ ካዝና አይደለም። ክረምት ላይ ደግሞ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ምንም ድምፅ ማጉያ አያሸንፈውም። ያን ጊዜ የአማርኛ ፊልም እንኳ ጽሑፍ ይፈልጋል።

ወደ ቁስሌ ልምጣ። የቻፕሊን «ሲቲ ላይትስ» እ.ኤ.አ. በ1931 የወጣ፣ 87 ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ ፊልም ነው። ድምፅ አልባ ስለሆነ ትርጉም አይፈልግም የሚላችሁን አትስሙ። ንግግሩ በየመሀሉ በእንግሊዝኛ የጽሑፍ ሰሌዳ ነው የሚመጣው፤ እሱን ላላነበበ ሰው ግማሹ ታሪክ አመለጠው ማለት ነው። ስለዚህ የእንግሊዝኛውን ሰብታይትል ከፈትኩ። ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፦ ቁጥር፣ መግቢያና መውጫ ሰዓት፣ ከሥሩ ዓረፍተ ነገር። ሰዓቱን ሳልነካ ጽሑፉን በአማርኛ ተካሁ። ስሞክረው የመጀመሪያው ሰሌዳ ወደ 4 ሰከንድ ቀደመ። ቪኤልሲ በሚባለው የፊልም ማጫወቻ ላይ የኤች ቁልፍ ጽሑፉን በየንክኪው 50 ሚሊሰከንድ ያዘገያል (ጂ ደግሞ ያፈጥናል)፤ ሰማንያ ጊዜ ተጭኜ ልክክ አደረግሁትና ተኛሁ። ሞኝ።

የዚያ ፊልም ክብሩ መጨረሻው ነው። ዓይነ ስውር የነበረችው አበባ ሻጭ ዓይኗ በርቶላታል፤ ያሳከማትን ሰው ሀብታም አድርጋ ነው በልቧ የምትስለው። ያሳከማት ግን ቡትቷሙ ቻፕሊን ነው። እሱ በሱቋ ደጃፍ ሲቆም አዝና ሳንቲም ልታስይዘው እጁን ትይዛለች፤ ያን ጊዜ እጁ ይነግራታል። እኛ ጋ ግን ገና እጁን ሳትነካው «አንተ ነህ?» የሚለው ጽሑፍ አንሶላው ላይ ጉብ አለ። ሦስት ደቂቃ ተኩል ቀድሞ። ልጆቹ ሳቁ፣ ትልልቆቹ ግራ ገባቸው፣ እውነተኛው ሰዓት ሲደርስ ከሥሩ የሚነበብ ነገር አልነበረም።

ምክንያቱ ይህ ነው። የኔ ቅጂ በሰከንድ 23.976 ምስል የሚያሳልፍ ነው፤ ሰብታይትሉ የተሠራው በሰከንድ 25 ለሚያሳልፍ ቅጂ ነው። 25 ለ23.976 ሲካፈል 1.0427 ይመጣል። ስለዚህ ጽሑፉ በየደቂቃው ሁለት ሰከንድ ተኩል ገደማ ይቀድማል፤ 87 ደቂቃ ላይ ሦስት ደቂቃ ተኩል፣ ሁለት ሰዓት ላይ አምስት ደቂቃ ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ኤች ቁልፍ ሁሉንም በአንድ ልክ ነው የሚገፋው፤ አይለጥጥም። አንድ ቦታ ብታገጥሙት ሌላው ቦታ ይላቀቃል። መድኃኒቱ ሰብታይትል ኤዲት በሚባለው ነፃ ፕሮግራም የምስል ፍጥነቱን ከ25 ወደ 23.976 መቀየር ነው፤ ሁለት ሴኮንድ አይፈጅም። ሁሉም ሰው መጀመሪያውን ሞክር ይላል። እኔ ተቃራኒውን ነው የምለው፦ መጀመሪያውን ተዉት፣ የመጨረሻዎቹን አሥር ደቂቃዎች እዩ። ስህተቱ መጨረሻ ላይም ከመጀመሪያው እኩል ከሆነ መግፋት ይበቃል፤ ካደገ ፍጥነቱ ነው።

ሁለተኛው ጣጣ ፊደላችን ነው። ሦስት ዓይነት ብልሽት አለ፣ መለየት ያስፈልጋል። ሳጥን ሳጥን ከታየ ጽሑፉ ደህና ነው፤ ማሳያው የግዕዝ ፎንት የለውም። አናታቸው ላይ ጭረት ያለባቸው የላቲን ፊደላት ከተደረደሩ ደግሞ ማጫወቻው ጽሑፉ ዩቲኤፍ-8 (ግዕዝን የሚይዘው የፊደል አቀማመጥ) መሆኑን አላወቀም፤ ቪኤልሲ ላይ በሰብታይትል ምርጫው ውስጥ ይስተካከላል። የጥያቄ ምልክት ብቻ ከሆነ ግን አልቅሱ። በድሮው ኖትፓድ ግዕዝን በማይይዘው «አንሲ» በሚባለው አቀማመጥ ሲቀመጥ ፊደሉ ጠፍቶ በምትኩ የጥያቄ ምልክት ተጽፏል፤ አይመለስም። ሌላ ቅጂ ከሌላችሁ ከዜሮ ትጀምራላችሁ። ፋይሉን በፍላሽ ቴሌቪዥን ላይ ለምትሰኩ፣ ብዙዎቹ ቴሌቪዥኖች ግዕዝ አያነቡምና ጽሑፉን ከምስሉ ጋር ሀንድብሬክ በሚባለው ፕሮግራም አጣብቁት። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ የፊልሙን ያህል ጊዜ ሊወስድ ስለሚችል መጀመሪያ ሁለት ደቂቃ ብቻ ቆርጣችሁ ሞክሩ። ቦታውን ከታች ብቻ አታድርጉት፤ ቅጂው ላይ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ካለ አማርኛውን ወደ ላይ አውጡት። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» (እ.ኤ.አ. 2008) እንኳ ይህን ይፈልጋል። አማርኛ ፊልም ነው ብላችሁ ስትዝናኑ ዋናው ገጸ ባሕርይ አንበርብር ጀርመን አገር ይገባና ትልልቆቹ ሰዎች ከታሪኩ ይወርዳሉ። ፊልሙን እወደዋለሁ፤ ግን ወዲያና ወዲህ የሚዘለው ጊዜ ያለ ጽሑፍ ሲታይ ድካም ነው።

አሁን ማሽኑ የማይፈታው። የእንግሊዝኛው ሰሌዳ እዚያ ጋ አንዲት ቃል ናት፤ አንተ ትሁን፣ አንቺ፣ እርስዎ አይለይም። አማርኛ መምረጥ ግድ ይለዋል። እኔ መጀመሪያ «አንተ ነህ?» አልኩ፤ የለበሰው ቡትቶ ነዋ። ተሳስቻለሁ። ልጅቷ ዓይነ ስውር ሳለች የምታናግረው ጨዋ ሀብታም መስሏት ነው፣ ስለዚህ ከመጀመሪያ ጀምሮ «እርስዎ» ትላለች። ዓይኗ ከበራ በኋላ ለማታውቀው ለማኝ «አንተ» ትላለች። እጁን ስትይዝ «እርስዎ ነዎት?» ካለች አክብሮቱ ከነቡትቶው ተመለሰለት ማለት ነው። እንግሊዝኛው ይህን ማድረግ አይችልም፤ እዚህ ላይ አማርኛው ይበልጣል ብዬ እኮራለሁ። አንድ ጎረቤቴ እስከ ዛሬ ይከራከረኛል፤ በደነገጠች ጊዜ «አንተ» ነው የሚያመልጣት ይላል። እሱም አይጠላም።

ሌላም አለ፦ ዓረፍተ ነገር በሁለት ሰሌዳ አትክፈሉ። ግሳችን መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ «ብስክሌቱን የወሰደው…» ብላችሁ ከቆረጣችሁ ሰው ትንፋሹን ይዞ ይቀመጣል፤ ተዋናዩ ግን ተናግሮ ጨርሷል። በመስመር ከ25 ፊደል በላይ አልጭንም፣ ከሁለት መስመርም አላልፍም። ረዘም ካለ ቅጽሉን እቆርጣለሁ እንጂ ግሱን አልነካም። የጣሊያኑን «ባይስክል ቲቭስ» (እ.ኤ.አ. 1948) እንዲህ ነው የሠራሁት። ካየናቸው ሁሉ ጎረቤት ጸጥ ብሎ የተመለከተው እሱ ነው። ሥራ ፍለጋ ወረፋ፣ በብስክሌት የሚያድር እንጀራ፤ ማብራሪያ አላስፈለገውም።

ከአዲሶቹ የጄሲካ በሽር «ፋያ ዳዪ» (እ.ኤ.አ. 2021) ለተርጓሚ ቀላል ነው፤ ንግግሩ ጥቂት፣ ዝምታው ብዙ። ለተመልካች ግን አይደለም። ጥቁርና ነጩ ምስል አንሶላ ላይ ሲወርድ ጥላው ሁሉ ግራጫ ይሆናል፤ በደንብ ያልጨለመ ክፍል ውስጥ አታሳዩት። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ጽሑፍ ሳያስፈልገው አልፎልኛል፤ ልጆቹ ስለ በጓ ሲጨነቁ ማየት ብቻውን በቂ ነበር።

አሁን እጄ ላይ ያለው የጃፓኑ «ሰቨን ሳሙራይ» ነው፤ 207 ደቂቃ። መሀሉ ላይ የራሱ እረፍት ስላለው ለሁለት ቅዳሜ እከፍለዋለሁ። ገበሬዎቹ ለሳሙራዮቹ «እርስዎ» ይላሉ፤ ከሰባቱ አንዱን ኪኩቺዮን ግን ምን እንደሚሉት ገና አልወሰንኩም፣ ምክንያቱም እሱ ራሱ የገበሬ ልጅ ነው። የመጨረሻዎቹን አሥር ደቂቃዎች ግን አይቻቸዋለሁ፤ ልክ ናቸው።