በ92 ዲግሪ የሚፈላ ቅባት

ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ ፋብሪካ የጥገና ክፍል ስሠራ፣ ለቦይለር 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ ውሃ የሚያቀርብ አንድ ፓምፕ ሜካኒካል ሲሉን (የሚዞረው ዘንግ፣ ሻፍቱ፣ ከፓምፑ በሚወጣበት ቦታ ውሃ እንዳይፈስ የሚገታውን ክፍል) በየጥቂት ሳምንቱ ይጨርስ ነበር። በፈታነው ቁጥር የካርቦን ቀለበቱ በአየር በኩል ያለው ጠርዝ ተሸራርፎ፣ ዙሪያውን ደግሞ ነጭ የማዕድን ዝቃጭ ጋግሮበት እናገኘዋለን። ፓምፑ ሲሠራ ጠጋ ብሎ ላዳመጠው አልፎ አልፎ «ትፍ» የሚል ድምፅ ይሰማል። እኔ የሲሉን ቀለበቶች እርስ በርስ የሚያጣብቀው ሞላ ደክሟል ብዬ ጠበቅ አድርጌ ገጠምኩት፤ አዲሱም ከቀድሞው ባነሰ ጊዜ አለቀ።

ስህተቴ ሜካኒካል ሲልን እንደ ቡሽ መቁጠሬ ነበር። እውነቱን ለመናገር ከቡሽ ይልቅ ለኩሽኔታ ይቀርባል፤ ከሻፍቱ ጋር የሚዞረው ቀለበትና በፓምፑ አካል ላይ የተተከለው ቀለበት ፊት ለፊት ተገጥመው ሲሠሩ፣ በመካከላቸው አንድ ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ) ገደማ ውፍረት ያለው የፈሳሽ ሽፋን ይኖራል። ያ ሽፋን የሚገኘው ከሌላ ሳይሆን እንዳይፈስ ከምንከለክለው ፈሳሽ ነው። ስለዚህ ጥቂት ማፍሰስ የሥራው አካል ነው፤ ጨርሶ የማያፈስ ሜካኒካል ሲል የሚለሰልስበት ነገር የለውም።

የዚህ ሽፋን ሒሳብ የመጣው ከባቡር ነው። በ1880ዎቹ እንግሊዛዊው ቢውቻምፕ ታወር የባቡር አክሰል ኩሽኔታዎችን ሲፈትን፣ ለዘይት ማስገቢያ ባበጀው ቀዳዳ ዘይቱ ሽቅብ ሲወጣ አየ፤ በቡሽ ቢደፍነው፣ በእንጨትም ቢወትፈው ግፊቱ ፈንቅሎ አወጣው። የምህንድስና ፕሮፌሰሩ ኦስቦርን ሬይኖልድስ በ1886 ምክንያቱን በአንድ እኩልታ ገለጠው። ክፍተቱ እጅግ ጠባብ በመሆኑ የፈሳሹን ኢነርሺያ (የፍጥነት ለውጥን የመቃወም ባሕርይ) ችላ ብለን ግፊቱን ከክፍተቱ ቅርጽ፣ ከፍጥነቱና ከፈሳሹ ቪስኮሲቲ (የመወፈር መጠን) ብቻ ማስላት እንችላለን። ከዚሁ እኩልታ፣ የሚፈሰው መጠን በክፍተቱ ኪዩብ እንደሚያድግ ይወጣል፤ ክፍተቱ እጥፍ ሲሆን ፍሰቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል።

የዚያን ፓምፕ ሒሳብ በወረቀት፣ በኋላም በአጭር የፓይተን ፕሮግራም ሠራሁት። ቀለበቶቹ የሚገናኙባቸው ፊቶች የውስጥ ራዲየስ 25፣ የውጭው 28 ሚሊሜትር፣ የሚገናኙበት ስፋት ወደ 500 ካሬ ሚሊሜትር፣ የግፊቱ ልዩነት 10 ባር፣ ፍጥነቱ በደቂቃ 2,900 ዙር ነው። አንድ ማይክሮን ክፍተት በሰዓት ወደ 48 ሚሊ ሊትር ያሳልፋል። ሙሉ ሽፋን ቢኖር ኖሮ ከሰበቃ የሚመነጨው ሙቀት 11 ዋት ብቻ በሆነ ነበር። ችግሩ ከኃይል ሚዛኑ ላይ ነው። ፊቶቹ ልሙጥና ትይዩ ከሆኑ መዞራቸው ምንም ግፊት አይፈጥርም፤ የውሃው ግፊት ከውጭ ወደ ውስጥ ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ ሽፋኑ የሚሸከመው 250 ኒውተን ነው። የሚዘጋው ኃይል ግን፣ ሞላውን ጨምሮ፣ 450 ነበር። የቀረው 200 ኒውተን ያረፈው በሚነካኩት የገጽ ጉብታዎች ላይ ነው፤ የሰበቃ ኮፊሸንቱን 0.1 ብንይዝ 160 ዋት ይሆናል። እኔ በሞላው የጨመርኩት እያንዳንዱ ኒውተንም እዚያው ላይ ተደመረ።

እርግጥ ፊቶቹ ትይዩ ሆነው አይቀሩም። ሙቀቱ ቀለበቶቹን በጥቂቱ ስለሚያጣምም ክፍተቱ በግፊቱ በኩል ይሰፋል፣ በአየር በኩል ይጠብባል፤ ሽፋኑም ከግማሽ በላይ መሸከም ይጀምራል። ሙቀት እስከዚህ ድረስ ወዳጅ ነው።

ፕሮግራሙ የፊቶቹን ሙቀት 94 ዲግሪ ባወጣልኝ ጊዜ እፎይ ብዬ ነበር፤ ውሃ በ100 ነው የሚፈላውና። ቁጥሩን ለሁለት ቀን ያህል ጠረጴዛዬ ላይ ትቼው ነበር፤ ያነቃኝ የቢሮው የሻይ ማንቆርቆሪያ ነው። አዲስ አበባ በ2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው! በአየር በኩል ያለው የሽፋኑ ጠርዝ የከተማውን የአየር ግፊት ስለሚያገኝ፣ ከ80 ዲግሪ ተነስቶ ለመፍላት የነበረው የ20 ዲግሪ መጠባበቂያ ወደ 12 ወርዶ ነበር። እኔ ደግሞ በፕሮግራሙ ውስጥ የባሕር ጠለልን ግፊት ጽፌአለሁ።

ከዚያ በኋላ ምልክቶቹ ሁሉ ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ውሃ እንፋሎት ሲሆን መጠኑ ከ2,000 እጥፍ በላይ ያድጋል፤ እንፋሎቱ ፊቶቹን ፈንቅሎ ይከፍታል፣ በተከፈተው በኩል ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ይገባል፣ ፊቶቹም መልሰው ይጋጫሉ። «ትፍ» የሚለው ይኸው ነው፤ የካርቦኑን ጠርዝ የሸረፈውም ይኸው ግጭት ነው። ነጩ ዝቃጭ የተነነው ውሃ ትቶት የሄደው ማዕድን ነው።

ሞላውን ወደ አምራቹ ልክ መለስኩት፤ ከፓምፑ መግፊያ በኩል ቀጭን ቱቦ ስበን በማቀዝቀዣ አሳልፈን ወደ ሲሉ ክፍል አስገባነው። ፊቶቹን የሚያጥበው ውሃ 60 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ቪስኮሲቲው ከቀድሞው በሲሶ ያህል ይጨምራል፤ ስለዚህ ሽፋኑም ይጠናከራል፣ ከመፍላትም ይርቃል። ሞዴሉ የቀለበቱን ዕድሜ ሊነግረኝ አልቻለም፤ ለዚያ የገጹን ሻካራነትና ጥቃቅን ሞገዶቹን መለካት ነበረብኝ፣ መለኪያውም አልነበረኝም። በቀጣዩ የዓመት ጥገና ስንፈታው ግን የካርቦኑ ጠርዝ ሙሉ ነበር፤ እዚያው መልሰን ገጠምነው።