የተሰረዘው ነጥብ

«የዓሦች ሁሉ ጽንሰት ከሰውነት ውጪ ነው።» እውነት ወይስ ሐሰት? የመልስ ቁልፉ እውነት ይላል። ከ8ኛ ክፍል ተማሪዎቼ አንዷ ግን ሐሰት አለች። ጎኑ ላይም በትንንሽ ፊደል «ሻርክ ሆዷ ውስጥ ነው» ብላ ጨመረችበት። ነጥብ ሰጠኋት። ቁልፉን ያወጣው የክፍሉ ኃላፊ ሰረዘው።

ወረቀቱን ይዤ ቢሮው ገባሁ።

«ጋሼ፣ ልጅቷ እኮ ልክ ናት።»

«የኔ ልጅ፣ ጣና ላይ ሻርክ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ጣና ላይ ያለው ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ነው። ልጆቹን ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ወስጄ፣ አጥማጆቹ የአምባዛ ሆድ ሲሰነጥቁ አሳይቻለሁ። አረንጓዴ ቢጤ ፍሬ ጢም ብሎ ሞልቶታል፤ አንዷ ፍሬ ከጤፍ ብዙም አትበልጥም። ሴቷ ውኃ ውስጥ ትጥለዋለች፣ ወንዱ ዘሩን እላዩ ላይ ይለቃል። ለአምባዛ ቁልፉ ልክ ነው።

ሻርክና ዘመዶቿ፣ አጽማቸው ልም አጥንት የሆነው፣ ሌላ መንገድ ይዘዋል። የእንቁላላቸው አስኳል ጥሬ ዕቃ ቫይቴሎጀኒን የሚባል ፕሮቲን ነው። ጉበት ይሠራዋል፣ ደም ያጓጉዘዋል፣ እያደገ ያለው እንቁላል ይስበዋል። እስከዚህ አምባዛም ዶሮም ያው ናቸው። የሻርክና የአምባዛ ዘር ከተለያየ ከ400 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ይህ አሠራር ግን ከሁለቱም አልጠፋም። ይሄ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው። ሻርክ የምታሳድገው ጥቂት እንቁላል ነው፤ እያንዳንዱን ግን በአስኳል ታጭቀዋለች፣ ጽንሱ ለወራት የሚመገበው እሱን ነውና። እንዲህ ያለውን እንቁላል ውኃ ላይ መበተን አያዋጣም። ወንዱ ከሆዱ ክንፎች በወጣ አካል ዘሩን ውስጧ ያስገባል። እንቁላል የሚጥሉት ዝርያዎች እንኳ ጠንካራው ሽፋን ሳይለብሰው በፊት መጽነስ አለበት። ሌሎቹ ሆዳቸው ውስጥ አሳድገው ይወልዳሉ።

ይህን ሁሉ ነገርኩት። ዝም ብሎ አዳመጠኝ።

«ለአንዷ ካረምን ለሁሉም ልናርም ነው» አለ።

«እናርማ!»

አልታረመም። ልጅቷ ያለዚያም ነጥብ አልፋለች፣ ነጥቡ አይደለም የሚከነክነኝ። ወረቀቱ ፊቱ ተዘርግቶ፣ ጎኑ ላይ የጻፈችውን አንዴም አላነበበም።

በሁለተኛው መንፈቅ ፈተና ላይ ከ«እውነት» እና «ሐሰት» ሌላ አንድም ቃል አልጨመረችም። ሄጄ ነገርኩት።

«ጎሽ» አለኝ፣ «ተምራለች ማለት ነው።»